ኤሲው የቆመባቸው ሃያ ሁለት ደቂቃዎች

ሰው ያላየውን አያምንም ይባላል። ውሸት ነው። ሰው ያላየውን የማያምነው እስኪፈራው ድረስ ብቻ ነው። ያ የኮሮና ዓመት ይህን ለሁላችንም አስተምሮን አልፏል፤ እናንተም የየራሳችሁን ምስክር አታጡም። የእኔ ምስክር አጅማን ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በአልጋ የሚከራይ ክፍል፣ አብሮኝ የሚጋራ አንድ የታክሲ ሾፌር ነው። «ዋላሂ፣ ኮሮና የሚባል ነገር የለም! ካለ በዓይኔ አሳዩኝ!» እያለ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይፎክር ነበር። ሳምንት ሳይሞላው የመታጠቢያ ቤቱን በር በክርኑ መግፋት ጀመረ። ጥርጣሬው አፉ ላይ ቀረ፤ እምነቱ ወደ ክርኑ ወረደ።

ስለማይታይ ነገር ለማውራት እኔ ከብዙ ሰው የተሻለ መብት ያለኝ ይመስለኛል፤ እንጀራዬ አየር ነውና። ማቴዎስ እባላለሁ፤ የኤሲ ቴክኒሻን ነኝ። ሙያውን አዳማ ተምሬ፣ ዱባይ መጥቼ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። የሆቴል ኤሲ ሠራተኛ የሚያገለግለው ማሽኑን ሳይሆን ጠባዩን የማያውቀውን እንግዳ ነው። አንዱ «በረደኝ» ብሎ ይጠራችኋል፤ ስታስተካክሉለት ሚስቱ «ሞቀኝ» ትላለች። «ነፋሱ ጭንቅላቴን መታኝ» የሚል አለ፤ «ጣሪያው ውስጥ የሆነ ሰው ያጉረመርማል» የሚልም አጋጥሞኛል። ሁሉንም «እሺ ጌታዬ» ብሎ መስማት ነው። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያጉረመርመውን ሰውዬ መፈለግ።

ያ ዓመት ሲመጣ እንግዳው ቀረ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ እኛም መጀመሪያ «ደመወዝ የሌለው ዕረፍት»፣ ቀጥሎ «ኸላስ»፣ አበቃ ተባልን። ባለቤቴ ብርቱካን ጁሜይራ አንድ ቪላ ውስጥ መንታ ልጆች ታሳድጋለች። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈሪ ነች እንጂ። ቲማቲም በሳሙና የምታሳጥብ፣ ከሱቅ የመጣን ዳቦ አንድ ቀን ሙሉ በረንዳ ላይ የምታሳድር ፈሪ። በፍርሃቷም የብርቱካንን የዕረፍት ቀን ዘጋችው። ከመጋቢት ጀምሮ እኔና ሚስቴ የምንተያየው በስልክ ብቻ ሆነ፤ መሃላችን ያለው ግን የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም የተከራየናት አዳራሽ ስለተዘጋች አምልኮ በስልክ ነው። እናንተ ጴንጤ ካልሆናችሁ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም፤ ፓስተሩ «ጌታ ይባረክ» ሲል የእኔ «አሜን» እሱ ዘንድ የሚደርሰው ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

በዚህ መሃል ነው አንድ የሆቴሉ የቀድሞ ኢንጂነር የደወለልኝ። ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ውስጥ አንድ ድርጅት የኤሲ ሰው ይፈልጋል፤ ላቦራቶሪ ነው፤ የሦስት ወር ውል ነው። «ችግሩ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ማሽኑ ያማርራል» አለኝ። ለቅሬታ እንግዳ አይደለሁም። ሄድኩ።

በሩ ላይ ግንባሬን በሙቀት መለኪያ ተኩሰው፣ አዲስ ማስክ አስለብሰው፣ ጓንት አስጠልቀው አስገቡኝ። ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መሃሉ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ እንደ ባንክ ካዝና የተዘጋጋ ነጭ ማሽን ቆሟል። አጠገቡ ያለችው ሴት ከማስክና ከመነጽር በስተቀር ምንም አይታይባትም፤ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝና ይህ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት የዲግሪ አንድ ዐሥረኛ እንኳ ቢለዋወጥ ሥዕሉ እንደሚንሸራተት፣ ከእኔ በፊት ሁለት ቴክኒሻኖች መጥተው «ኤሲው ደኅና ነው» ብለው እንደሄዱ አስረዳችኝ። እኔም ቀና ብዬ የጣሪያውን አየር ማውጫ አየሁና ለራሴ፣ «ኧረ በስመ አብ! ይሄን የሰቀለ ሰውዬ በቁሙ ያበደ መሆን አለበት» አልኩ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሀበሻ ነዎት እንዴ?»

ማስክ እንዲህ ነው። የአንድ አገር ሰዎችን ሩብ ሰዓት ሙሉ በሰው ቋንቋ አስደክሞን ነበር።

ዶክተር ሮማን ትባላለች። የጅማ ልጅ ናት፤ በዕድሜ በብዙ እበልጣታለሁ፣ በትምህርት ደግሞ እሷ በብዙ ትበልጠኛለች። ስለዚህ እሷ «ጋሽ ማቴዎስ» እያለች እኔን አንቱ ትላለች፣ እኔ «ዶክተር» እያልኩ እሷን አንቱ እላለሁ፤ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ አራት ሰው ያለ ይመስል ነበር። ለእናንተ ስተርክ ግን አንቺ እላታለሁ፤ አትንገሩብኝ።

የምታጠናው ነገር ስሙ ፌሮኤሌክትሪክ ነው። ፌሮ ስትለኝ የኮንክሪት ብረት መስሎኝ ጣሪያውን አየሁ። ብረት የለበትም፤ ሴራሚክ ነው፣ እንደ ሸክላ በእሳት የሚጠበስ። ግን እንደ ባቅላባ ተነባብሮ የተሠራ ነው፤ ቢስመዝ የሚባል ከባድ ንጥረ ነገርና ኦክስጅን ያሉበት አንድ ስስ ንብርብር፣ በላዩ የሌላ ወፈር ያለ ንብርብር፣ እንደገና ቢስመዝ፣ እንዲህ እያለ። በወፍራሙ ንብርብር ውስጥ ትንንሽ የኦክስጅን ጎጆዎች አሉ፤ በየጎጆው ውስጥ አንድ የታይታኒየም አቶም ተቀምጧል። ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው አለችኝ። ያ አቶም የጎጆው መሃል ላይ አይቀመጥም። ትንሽ ወደ አንድ ወገን ሸሸት ይላል። ጎረቤቱም ወደዚያው ይሸሻል፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ሁሉም ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ግን ያሉበት ይቆያሉ። ወዲህ ማለት «አዎ»፣ ወዲያ ማለት «አይደለም» ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ መብራት ቢሄድም የማይረሳ ማስታወሻ ሆነላችሁ ማለት ነው።

«ሽሽቱ ምን ያህል ነው?» አልኳት።

«የአንድ ፀጉርዎን ውፍረት ሚሊዮን ቦታ ቢከፍሉት፣ ከአንዱ ክፋይ ያንሳል።»

ፀጉሬ አልቆ ራሴን መላጨት ከጀመርኩ ቆይቷል፤ ቢሆንም ገባኝ።

ችግሯ ይሄ ነው። ድርጅቱ ይህን ሴራሚክ ለአንድ ደንበኛ ሠርቶ ያቀርባል፤ «እንከን የለሽ ነው» ተብሎም ተነግሮለታል። እሷ ግን በማይክሮስኮፑ ስታየው በንብርብሮቹ መሃል አንድ የደበዘዘ ሰንበር ይታያታል። ሥዕሉ ስለሚንቀጠቀጥ ሰንበሩ ምን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። እሷ «ቁሱ ውስጥ ያለ ጉድለት ነው» ትላለች። አለቃዋ «የእጅሽ ጉድለት ነው» ይላል። አለቃዋን ሁሉም ሰው ሙዲር ነው የሚለው፤ ድንበር ሲዘጋ ሌላ አገር ቀርቶ በስክሪን ነው የሚያስተዳድረን። ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ፈገግታውን የማያቋርጥ ሰው ነው። በዚያው ፈገግታ፣ እስከ ሦስቱ ወር መጨረሻ ድረስ ጥርት ያለ ሥዕል ካልመጣ ማይክሮስኮፑ እንደሚዘጋ፣ ውሏም አብሮ እንደሚዘጋ ነግሯታል። ውል ተዘጋ ማለት ቪዛ ተዘጋ ማለት ነው፤ ይህን ለገልፍ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ጅማ ያሉት ወላጆቿ ልጃቸው «ዱባይ በትልቅ መነጽር ታያለች» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። የማደርገው ሲጠፋኝ የማውቀውን አደረግኩ፤ ማሽኑን እንደ ሆቴል እንግዳ ቆጠርኩት። ጌታዬ፣ ምንድን ነው ያስቸገረዎት? ከማስኬ ጫፍ አንድ ክር መዝዤ በማሽኑ አጠገብ በፕላስተር አንጠለጠልኩ። ክሩ ዝም ብሎ መንጠልጠል ሲገባው ወደ በሩ እየተወዛወዘ ይሰግዳል። ነፋሱ ጭንቅላቱን ይመታዋል ማለት ነው! ቀጥዬ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀምጬ በሆዴ ተኝቼ ውኃውን ተመለከትኩ። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ቀለበቶች ይርገፈገፋሉ። ጣሪያው ውስጥ የሚያጉረመርመው ሰውዬም አለ፤ የኤሲው ፋን ነው፣ ጉርምርምታው በቱቦው ተጉዞ በግድግዳ ወደ ወለል ይወርዳል። በአጥሩ ማዶ ደግሞ መጋዘን አለ፤ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይደነግጣል።

ዶክተር ሮማን ገብታ በሆዴ ተኝቼ ብርጭቆ ላይ ሳፈጥ አገኘችኝ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ደኅና ነዎት?»

«እኔ ደኅና ነኝ። እንግዳዎ ግን እንቅልፍ አጥቷል።»

ነፋሱን አየር ማውጫው ላይ ጨርቅ ወጥሬ ሰበርኩት። ቱቦውን ቆርጬ ጎማ አስገባሁለት። ሥዕሉ ተሻሻለ፤ ግን አልጠራም። በመጨረሻ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ተቀምጠን ሳንድዊቻችንን ስንበላ፣ ከአንድ የኤሲ ቴክኒሻን አፍ መውጣት የማይገባው ቃል ወጣ።

«ኤሲውን እናጥፋው» አልኩ።

ውጪ ነሐሴ ነው። የዱባይን ነሐሴ የማታውቁ ካላችሁ፣ የጋለ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላችሁ መተንፈስ ነው። ማሽኑ የራሱ የውኃ ማቀዝቀዣ ስላለው አይጎዳም፤ የሚለዋወጠው የክፍሉ አየር ነው። ጥያቄው ግድግዳው ቅዝቃዜውን ስንት ደቂቃ ይዞ ይቆያል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ መጽሐፍ አይነግራችሁም። ለዘጠኝ ቀን ማሽኑ ሥራ በማይኖረው ሰዓት ኤሲውን ለጥቂት ደቂቃ እያቆምኩ፣ ቴርሞሜትር ላይ አፍጥጬ፣ በደብተር ጻፍኩ። ዙሪያውን ያሉትን ክፍሎች ከዋዜማው ጀምሮ ካቀዘቀዝኳቸው ሃያ ሁለት ደቂቃ ይገኛል። ሃያ ሦስተኛው ላይ መርፌው ይነቃነቃል። ለሕንፃው አስተዳደር ፈቃድ እንዲሰጡኝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ሁሉም ከቤቱ ነው የሚሠራው፤ መልስ የሚጽፍ ጠፋ። ዝምታ እሺታ ነው ብለን ለራሳችን ተረጎምነው።

ዓርብን መረጥን፣ እኩለ ቀንን፤ ማዶ ያለው መጋዘን የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ዶክተር ሮማን ከመጀመራችን በፊት አስጠነቀቀችኝ። «ድምፅ ሥዕሉን ይነቀንቀዋል። ምንም ቢያዩ፣ ምንም ቢሆን፣ እንዳይናገሩ። እንዳይነሡም።»

«እሺ» አልኩ። ምን ቸገረኝ? ምን ላይ እንደምደርስ አላወቅኩማ።

ኤሲውን አቆምኩ። ለካ ለሃያ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ኤሲ ነበር! ዝምታው ከሁሉም ወገን መጥቶ ተቀመጠብን። ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። የብርጭቆው ውኃ መስታወት ሆነ። እሷ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ አንድ ነገር አዞረች፣ ሌላ ነገር ነካች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጭጋግ አለ። ጭጋጉ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። ተሰበሰበና ነጥብ ሆነ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጥቁር ሜዳ ላይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ብሩህ ነጥቦች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግተዋል። እነዚያ ቢስመዞቹ ናቸው፤ ከባድ ስለሆኑ ይደምቃሉ። በጥንዶቹ መሃል ፈዘዝ ያሉ ሌሎች ረድፎች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አቶም አይደለም፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ የተሰለፉ አቶሞች ናቸው፣ ፊት ለፊት ስለምናያቸው ነው አንድ የሚመስሉት፤ ይህን አስቀድማ ነግራኛለች። ቢሆንስ? ሰልፉ ያለ ገመድ፣ ያለ ማስመሪያ፣ ማንም ሳያየው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰልፍ ነው። ስንት ሕንፃ ውስጥ ቱቦ ዘርግቻለሁ፤ በሌዘር ለክቼ እንኳ ጣት የሚያህል ሳይዛነፍብኝ ቀርቶ አያውቅም። እዚህ ግን ከእሳት የወጣ አፈር በዚህ ልክ ተሰድሯል። የተቀመጥኩበት ወንበር፣ ጓንቴ፣ ጥፍሬ፣ በፈራነው ትንፋሽ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ በነጥብ በነጥብ የተሠራ ነው። ማን ቆጥሮ አስቀመጠው?

እግዜር ያሳያችሁ፤ ጴንጤ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ከሕመም ይቆጠራል። «ሃሌሉያ» ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ቆመች። መልሼ ዋጥኳት። እንደገና መጣች። ማስኬን በጥርሴ ነከስኩ።

በዚህ መሃል ዶክተር ሮማን ሥዕሉን ወደ ግራ ወሰደችው። ጥንዶቹ ረድፎች ቀጥ ብለው መጡ፣ መጡ፣ ከዚያ ድንገት ደረጃ እንዳጋጠመው ሰው አንድ እርከን ከፍ አሉ። ግራና ቀኙ አይገጥምም። የታችኛው ረድፍ የላይኛው መስሎት ሌላ ሰው ጋር ተጨብጧል። መገናኛው ላይ ነጥብ ሊኖርበት የሚገባ ቦታ ጨለማ ነው፤ ቢስመዙ የለም። እነዚያ ወደ አንድ ወገን የሚሸሹት ታይታኒየሞች እርከኑ አጠገብ ሲደርሱ ሰልፋቸውን አፍርሰው በየፊናቸው ዘንበል ብለዋል። የወራት ሰንበር ይሄ ነበር። የእጇ አልነበረም። የቁሱ ነበር።

ዞር ብላ አየችኝ። እንባዋ ከመነጽሯ ሥር ወጥቶ ወደ ማስኳ ይወርዳል። መጥረግ አልቻለችም፤ እጇ ማሽኑ ላይ ነው። እኔም ተነሥቼ ላባብላት አልቻልኩም፤ መነሣት ክልክል ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ሜትር ርቀት፣ አንዱ እንባውን አንዱ እልልታውን አፍኖ፣ ቴርሞሜትር እያየን ተቀመጥን። እሷ ፎቶ አነሣች። ደጋግማ አነሣች። ከዚያ ወደ ቀኝ ወስዳ ሰልፉ ያልተበላሸበትን ቦታም አነሣች። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት።

ኤሲውን መልሼ አስነሣሁና ኮሪደር ላይ ወጥቼ «ሃሌሉያ!» አልኩ። አንዴ ብዬ መተው አልቻልኩም። የጥበቃው ሰው፣ ፓኪስታናዊ ነው፣ «ሙሽኪላ? ሙሽኪላ?» እያለ እየሮጠ መጣ። ምንም ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር እንደሌለ፣ ይልቁንም እሱ ራሱ እጅግ ድንቅ ሆኖ እንደተሠራ ነገርኩት። በጥርጣሬ ግንባሬን በሙቀት መለኪያ ተኮሰው።

ከሰዓት በኋላ ለብርቱካን ደወልኩ። «ብርቱዬ፣ አቶም አየሁ» አልኳት።

ከበስተጀርባዋ መንታዎቹ ያለቅሳሉ። «አንተ አቶም አየህ» አለች፤ «እኔን ካየህ ግን አምስት ወር ሆነህ።»

በፀጉር ሚሊዮንኛ የሚለካውን ነገር ሊያሳይ የሚችል መነጽር ጁሜይራ ያለችን ሚስት ሊያሳይ አልቻለም።

በማግስቱ ሙዲር በስክሪን መጣ። ሥዕሎቹን አየ፣ ለረጅም ጊዜ አየ፣ ፈገግታው ግን አልተነቃነቀም። «ድንቅ ነው» አላት። «የቀኙን ወገን ላኪልኝ። የተስተካከለውን። የግራው ለጊዜው ይቆይ።»

ስክሪኑ ሲጠፋ ዶክተር ሮማን ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይመስልዎታል?»

እዚህ ላይ ጀግና ሆኜ ብገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ወሬው የእውነት ነው። «ይላኩለት» አልኳት። «የቀኙም ቢሆን እኮ ውሸት አይደለም፤ እዚያው ቁስ ውስጥ ያለ ነው። እንጀራ ነው ዶክተር። በዚህ ክፉ ቀን ቪዛ የሌለው ሰው የት ይገባል?»

አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ጋሽ ማቴዎስ፣ ትናንት ኮሪደር ላይ ወጥተው የጮኹት ለየትኛው ወገን ነው?»

እውነቴን ልንገራችሁ፤ እኔ የጮኽኩት ለሁለቱም ነው። እንዲያውም ግራው ይበልጥብኛል። ሁሉም ተሰልፎ ሳይ እጹብ አልኩ፤ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ሁሉ ማወቃቸውን፣ ዘንበል ማለታቸውን ሳይ ነው አንጀቴ የተንሰፈሰፈው።

ሁለቱንም ላከች። ሥሩ ላይም ጻፈችበት፤ ቢስመዝ እሳት ሲበዛበት እየተነነ ይሄዳል፣ ሴራሚኩ ሲጠበስ ከምድጃው ያመለጠው ቢስመዝ ባዶ ቦታ ትቶ ሄዷል፣ እርከኑም በዚያ አካባቢ ነው የሚታየው፣ ሳይጠበስ በፊት ቢስመዝ ትንሽ ተጨምሮ ቢሞከር ደግ ነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሙዲር በስክሪን አልመጣም። እሷ መጻሕፍቷን በካርቶን ማድረግ ጀመረች። እኔ የኤሲ ማጣሪያ እየፈታሁ አጠብኩ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ። በስልክ ጸሎታችን ላይ «ስለ አንዲት እኅት ጉዳይ» ብዬ አሳሰብኩ፤ የግራና የቀኝ ወገን ነገር ለፓስተሩ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

በሁለት ሳምንቱ ሙዲር መጣ፤ ፈገግታው ሰፍቷል። ለካ የደንበኛው መሐንዲሶች ያ ቁስ ብዙ ጊዜ ሲገለባበጥ እየደከመ፣ ማስታወሻው እየጠፋ ሲያስቸግራቸው ኖሯል፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው አጥተው ነበር። የግራውን ሥዕል ሲያዩ «ይሄንን ነው ስንፈልግ የኖርነው» አሉ። ቢስመዝ እየተጨመረ በአዲስ መልክ ተጠበሰ። የተጠበሰውን በሌላ ዓርብ አየነው፤ እርከን ፈልገን ብዙ ደከምን። ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ብርቅ ሆኗል። ማይክሮስኮፑ አልተዘጋም። የሮማን ውል ታደሰ። የእኔም ለስድስት ወር ተራዘመ። ሥዕሉ የወጣበት ሪፖርትም ታተመ፤ ሙዲር «ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ስሙም ከሮማን ስም በፊት ገባ። እሷ የእኔንም ስም ለማስገባት ሞክራ ነበር። የኤሲ ሰው የሚጻፍበት ቦታ የለም አሏት። ሥዕሉን አትሞ መውሰድም የድርጅቱ ደንብ አይፈቅድም።

በዚያው ሳምንት ግን ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ደረሰኝ። ስንጽፍላቸው የጠፉት ሰዎች ለካ በሕይወት አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ጥቅምት ላይ ማዳም ፍርሃቷ በረድ አለላት፤ ብርቱካን በር ላይ ቆማ በሁለት ሜትር ርቀት ባሏን ለግማሽ ሰዓት እንድታነጋግር ፈቀደች። ሰባት ወር! ቀጥናለች፤ ወይም ማስኩ ነው። እኔ ደግሞ በጭንቀት ጊዜ ወረቀት ማውጣት ልማዴ ነው፤ ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ የአጥሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ። እሷ መጥታ በማዳም ደንብ መሠረት ሳኒታይዘር ረጨችበት። ከዚያ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ።

«ማቲ፣ ሊያባርሩህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ ውሌ ተራዝሟል።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል? በማስጠንቀቂያ የሚደሰት ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

«ሁለተኛውን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

አነበበችው። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት፤ ክፍሉ፤ ያ የመጀመሪያው ዓርብ ቀን፤ ኤሲው የቆመበት ደቂቃና የተነሣበት ደቂቃ፤ «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ» የሚለውም ሳይቀር።

«ያን ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበርኩ የሚመሰክር በዓለም ላይ ያለ ወረቀት ይሄ ብቻ ነው» አልኳት።

ብርቱካን ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አየችው። ከዚያ በአራት አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲያው እኔ ጋ ይቀመጣል» አለች። «አንተ ጋ ከሆነ ላገኘኸው ሁሉ ስታሳይ ቀድደህ ነው የምትጨርሰው። አሁን ንገረኝ፤ ምን ይመስላል?»

ግማሽ ሰዓቱ ለዚያ አልበቃንም።